ከነጥቡ በኋላ ያሉት አኃዞች፦ ስለ ማስ ስፔክትሮሜትር የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትማችን የቡናን መዓዛ ስለሚሠሩት ንጥረ ነገሮች ስንጽፍ፣ ንጥረ ነገሮቹ ተለይተው የታወቁት የሞለኪውልን ክብደት በሚለካው በማስ ስፔክትሮሜትር መሆኑን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰን አልፈን ነበር። ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ካሰብነው በላይ ደብዳቤ አምጥታብናለች። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች ወደ አንድ ሰብስበን ስድስቱን በዚህ እትም እንመልሳለን። ሁሉም የሚያተኩሩት ከፍተኛ የመለየት አቅም ባላቸው መሣሪያዎች፣ ማለትም የሞለኪውልን ክብደት ከነጥብ በኋላ እስከ አራተኛው አኃዝ ድረስ በሚያነቡት ላይ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተራው ማስ ስፔክትሮሜትርና ከፍተኛ የመለየት አቅም ያለው የተለያዩ መሆናቸውን ተምረናል። ሁለቱም የሞለኪውል ክብደት የሚለኩ ከሆነ ግን ክብደቱ 195 ነው ከተባለ በኋላ 195.0877 ነው መባሉ ምን ይጨምራል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ነገሩን በቡና ከጀመርነው አይቀር በቡና እንቀጥል። ከአንድ ሲኒ ቡና ጥቂት ጠብታ ወስደን፣ አጣርተንና አቅጥነን ወደ መሣሪያው ብናስገባ፣ ካፌይን አንድ ፕሮቶን ተጨምሮለት 195 ላይ ይታያል። እዚያው ሲኒ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ፌሩሊክ አሲድም ፕሮቶን ሲጨመርለት የሚያርፈው 195 ላይ ነው። ሙሉ ቁጥር ብቻ ለሚያነብ መሣሪያ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከነጥቡ በኋላ ያለውን የሚያነበው ግን ካፌይንን 195.0877 ላይ፣ ፌሩሊክ አሲድን 195.0652 ላይ ለየብቻ ያስቀምጣቸዋል። የገበያ ሚዛን ሁለት ቀለበቶችን እኩል ናቸው ቢልም የወርቅ ሠሪው ሚዛን እንደማይስማማ ማለት ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው የአቶሞች ክብደት ሙሉ ቁጥር ባለመሆኑ ነው። ካርበን-12 እ.ኤ.አ. በ1961 በተደረገ ዓለም አቀፍ ስምምነት ልክ 12 እንዲሆን ተደንግጓል፤ በዚህ መለኪያ ሃይድሮጅን 1.007825፣ ናይትሮጅን 14.003074፣ ኦክስጅን 15.994915 ይመዝናሉ። የአቶም እምብርት ሲጣበቅ የሚለቀቀው ኃይል ከክብደቱ ላይ የሚጎድል ሲሆን፣ የጉድለቱ መጠን ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው ይለያያል። ፍራንሲስ አስተን የተባለው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1919 ካምብሪጅ ውስጥ በሠራው መሣሪያ አይሶቶፖችን፣ ማለትም የአንድ ንጥረ ነገር ሆነው ክብደታቸው የሚለያይ አቶሞችን፣ እየመዘነ ሳለ ሃይድሮጅን ከሙሉ ቁጥር ጥቂት ከፍ ብሎ አገኘው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው አርተር ኤዲንግተንም በማግሥቱ ዓመት ይህችን ትርፍ ይዞ ለፀሐይና ለከዋክብት ኃይል ምንጭ የምትሆነው እሷ ሳትሆን አትቀርም ሲል ሐሳብ አቀረበ። አስተን በ1922 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሟል። ዛሬ ካፌይንን ከፌሩሊክ አሲድ የምንለይበት ሽርፍራፊ ከዚያው ጉድለት የመጣ ነው። ካፌይን 8 ካርበን፣ 10 ሃይድሮጅን፣ 4 ናይትሮጅንና 2 ኦክስጅን ሲኖረው፣ ፌሩሊክ አሲድ 10 ካርበን፣ 10 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን አለው፤ ሽርፍራፊዎቹን ደምረው የተጨመረውን ፕሮቶን ክብደት (1.0073) ቢያክሉበት ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ራስዎ ያገኟቸዋል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቷቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመለየት አቅም ማለት ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ክብደቶችን ነጣጥሎ ማሳየት ነው፤ የሚሰላውም ክብደቱን መለየት ለሚቻለው ትንሹ ልዩነት በማካፈል ነው። ለቡናችን ጥንዶች 195ን ለ0.0225 ስናካፍል 8,700 ገደማ ይመጣል። የመመዘን ትክክለኛነት ደግሞ የተነበበው ቁጥር ከእውነተኛው ምን ያህል ይርቃል የሚለው ነው፤ የሚነገረውም ከሚሊዮን ስንት እየተባለ ነው። ከሚሊዮን 3 የሚሳሳት መሣሪያ 195 ላይ የሚስተው በ0.0006 ብቻ ነው። ጥሩ መሣሪያ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ተቀራራቢዎቹን ያልነጣጠለ መሣሪያ የድብልቃቸውን አማካይ መዝኖ በልበ ሙሉነት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣልና።

ስለ አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ናሙናው በቀጭን መርፌ ጫፍ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እየተሰጠው እንደ ጉም ይረጫል፤ ጠብታዎቹ ሲተኑ ቻርጅ የያዙ ሞለኪውሎች (አዮኖች) ይቀራሉ። ይህን ዘዴ ለትልልቅ ሞለኪውሎች እንዲሆን አድርጎ ያዳበረው ጆን ፌን በ2002 የኖቤል ተካፋይ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ያለው የመመዘኛው ዓይነት ነው። አንደኛው ሞለኪውሎቹን በቱቦ ውስጥ ያሽቀዳድማቸዋል፤ ቀላሉ ቀድሞ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ አሌክሳንደር ማካሮቭ የፈጠረውና በ2005 ገበያ ላይ የዋለው ኦርቢትራፕ፣ ከመሃሉ ያለው ብረት ቅርጹ እንዝርት ነው፤ አዮኖቹ በእንዝርቱ ዙሪያ እየተሽከረከሩ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዙ የውዝዋዜያቸው ፍጥነት ክብደታቸውን ይናገራል። ሦስተኛው አዮኖቹን በኃይለኛ ማግኔት ውስጥ ያሽከረክራል፤ ፍሎሪዳ፣ ታላሃሲ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የማግኔት ላቦራቶሪ ያለው ማግኔት ኃይሉ 21 ቴስላ ነው። ለድፍድፍ ነዳጅ ዓይነቱ፣ በአንድ ጠብታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀመሮች ለተደባለቁበት ናሙና፣ ከዚህ የሚሻል የለም።

ጥያቄ፦ በባህላዊ መድኃኒት ዕፀዋት ላይ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት እያካሄድኩ ነው። የእንዶድ ፍሬ ናሙና ውጭ አገር ላለ ላቦራቶሪ ልኬ የ212 ንጥረ ነገሮች ስም የያዘ ሠንጠረዥ መጣልኝ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ስሕተቱ ‘ከሚሊዮን 2’፣ ‘ከሚሊዮን 1’ እየተባለ ተጽፏል። እንግዲህ ‘በእንዶድ ውስጥ 212 ንጥረ ነገሮች ተገኙ’ ብዬ ልጻፍ? (ከጎንደር)

መልስ፦ እንደዚያ ብለው አይጻፉ። ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ይህ ስለሆነ ትንሽ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን።

‘ከሚሊዮን 2’ የሚለው ቁጥር የሚናገረው ስለ ቀመር እንጂ ስለ ንጥረ ነገር አይደለም። የተመዘነው ክብደት ለአንድ ቀመር ከተሰላው ክብደት ጋር ምን ያህል እንደተጠጋ ያሳያል፤ ያ ቀመር የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። አንድ ቀመር በተለያየ አወቃቀር የሚገኙ ብዙ፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቆጠሩ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩት ይችላል። ሠንጠረዡን ያዘጋጀው ፕሮግራም ያደረገው ነገር ቀመሩን ወደ መረጃ ቋት ወስዶ፣ ከሚስማሙት ስሞች አንዱን መርጦ መለጠፍ ሊሆን ይችላል። በእንዶድ ናሙና ውስጥ፣ በሌላ ክፍለ ዓለም ባሕር ውስጥ ብቻ በሚገኝ ሰፍነግ የሚታወቅ ንጥረ ነገር ስም ካጋጠመዎት አይደነቁ።

የእንዶድ ነገር ደግሞ ከሌላው ይብሳል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ጥናት የጀመሩበት ኃይል ያለው ሳፖኒን በሚባሉት ንጥረ ነገሮች ውስጥ ነው፤ አረፋውም የእነሱ ነው። ሳፖኒን ማለት ስብ መሰል አካል ላይ የተቀጣጠሉ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። መሣሪያው ሞለኪውሉን ሲሰባብረው 162.0528 የሚመዝን ቁራጭ እየወደቀ ያያል፤ ያ አንድ ስኳር ለመውደቁ ጥሩ ማስረጃ ነው። የወደቀው ግሉኮስ ይሁን ጋላክቶስ ግን ከዚህ ቁጥር አይታወቅም፤ የሁለቱም ቀመር አንድ ነው። ስኳሩ በየትኛው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበረም እንዲሁ። ክብደቱ ራሱ ከ900 በላይ ሲሆን ደግሞ ከሚሊዮን 3 ስሕተት ውስጥ የሚገቡት ቀመሮች እጅግ ይበዛሉ፤ በካፌይን ላይ ቆራጥ የነበረው አኃዝ እዚህ ላይ ያመነታል።

ቁጥሩ 212 የሆነበትም ምክንያት መፈተሽ አለበት። አንዱ ሳፖኒን ፕሮቶን ይዞ አንድ ጊዜ፣ ሶድየም ይዞ ሁለተኛ ጊዜ፣ ውሃ ጥሎ ሦስተኛ ጊዜ፣ ከወንድሙ ጋር ተጣብቆ አራተኛ ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። ከዚህም ሌላ የናሙናው ያልሆነ ነገር አለ። እኔ ራሴ በሥራ ጅማሬዬ ላይ ከአንድ ሥር ባወጣሁት ጭማቂ ውስጥ 391.2843 ላይ የሚያምር፣ ረዥምና ንጹሕ ምልክት አግኝቼ፣ ቀመሩም 24 ካርበን፣ 38 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን ሆኖ ልክ ስለገጠመልኝ ሁለት ሳምንት አዲስ ንጥረ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ሰነበትኩ። በመጨረሻ አንድ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን ‘ባዶውን አስገብተህ አይተሃል?’ አለኝ። ባዶው፣ ማለትም ምንም ሥር ያልነካው አልኮል፣ ያንኑ ምልክት በዚያው ቁመት ሰጠኝ፤ ፕላስቲክን የሚያለሰልስ ፋታሌት ነበር፤ ከቱቦው ክዳን የመጣ። የእርስዎ ላቦራቶሪ የባዶውን ውጤት አብሮ ካልላከ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ይሁን።

(ከዚሁ ጋር የማይረሳ አንድ ነገር፦ ከላቦራቶሪ አየር ውስጥ የማይጠፋው ሲሊከን አዘል ብክለት ሁልጊዜ 445.1200 ላይ ስለሚታይ፣ ተመራማሪዎች እሱን ማባረር ትተው የመሣሪያቸውን ሚዛን በየቅጽበቱ የሚያስተካክሉበት ልክ አድርገውታል። ሌባውን ዘበኛ ማድረግ ይሏል ይህ ነው።)

ለአጻጻፍዎ የሚረዳው፣ ኤማ ሺማንስኪና ባልደረቦቿ በ2014 ያቀረቡት ባለአምስት ደረጃ አመዳደብ ነው። አምስተኛው ደረጃ ክብደቱ ብቻ የታወቀ ነው። አራተኛው ቀመሩ ያለ ጥርጥር የተወሰነለት ነው፤ ለዚህም የአይሶቶፖቹ አሰላለፍ ይረዳል፤ ለምሳሌ ክሎሪን ካለበት ሁለት ክብደት ከፍ ብሎ ሲሶ ያህል የሚሆን ጓደኛ ይታያል። ሦስተኛው አወቃቀሩ በግምት የቀረበ፣ ሁለተኛው ስብርባሪዎቹ ከታወቀ መዝገብ ጋር በደንብ የገጠሙ ናቸው። አንደኛው፣ እውነተኛው ንጥረ ነገር በንጹሕ መልኩ ተገዝቶ ወይም ተሠርቶ፣ በዚያው መሣሪያ ላይ በዚያው ደቂቃ ከክሮማቶግራፊው ቱቦ (ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በየተራ ከሚያወጣው) የወጣና በዚያው መልክ የተሰባበረ ነው። ሠንጠረዥዎን በእነዚህ ደረጃዎች ይከፋፍሉት። ከ212ቱ ውስጥ አንደኛ ደረጃ የሚደርሱት አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ጥናቱን የሚገመግሙት ሰዎች የሚፈልጉት እነዚያን ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲያትል ነው። ልጄ ከትምህርት ቤት ጋር አንድ ጅረት ጎብኝቶ ሲመለስ፣ ሳልመን የተባለውን ዓሣ የሚገድለው የመኪና ጎማ ነው ብሎ ነገረኝ። በጎማ ውስጥ ስንት ነገር እያለ፣ ገዳዩ ይህ ነው ተብሎ እንዴት ሊታወቅ ቻለ? (ከአሜሪካ)

መልስ፦ ልጅዎ የነገርዎ እውነት ነው፤ መሣሪያው ካስገኛቸው ውጤቶች ሁሉ ይህኛው ለእኛ ከምንወዳቸው አንዱ ነው።

በፑጀት ሳውንድ ዙሪያ ባሉ የከተማ ጅረቶች ኮሆ የሚባለው የሳልመን ዓይነት በመጸው ወራት ለመራባት ከባሕር ሲመለስ፣ ዝናብ በዘነበ በሰዓታት ውስጥ እንቁላሉን ሳይጥል እየተንገዳገደ ይሞት ነበር። በአንዳንድ ጅረቶች ከተመለሱት ውስጥ ከ40 እስከ 90 ከመቶው በዚህ መልክ አልቀዋል። ሙቀት፣ የኦክስጅን እጥረት፣ በሽታ፣ የታወቁ ፀረ-ተባይ መድኃኒቶች ሁሉ ተፈትሸው ነፃ ወጡ። ጥፋተኛው ከመንገድ የሚወርደው ጎርፍ መሆኑ፣ በኋላም የጎማ ብናኝ የተዘፈዘፈበት ውሃ ብቻውን ዓሣዎቹን እንደሚገድል ተረጋገጠ። ያ ውሃ ግን ከ2,000 በላይ ኬሚካሎች ነበሩበት።

በታኮማ የሚሠሩት ተመራማሪዎች መንገዳቸው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ውሃውን በልዩ ልዩ ዘዴ እየከፋፈሉ እያንዳንዱን ክፍልፋይ ለዓሣ ይሰጣሉ፤ ዓሣው የሞተበትን ክፍልፋይ ይይዛሉ፣ የተረፈበትን ይጥላሉ፤ የያዙትን እንደገና ይከፋፍላሉ። ገብስ እንደሚበጠር እያበጠሩ ሄደው መጨረሻ ላይ አንድ ጎላ ያለ ንጥረ ነገር ቀራቸው። መሣሪያው ቀመሩን ሰጣቸው፦ 18 ካርበን፣ 22 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን፣ 2 ኦክስጅን፤ ክብደቱ 298.1681። በጎማ ውስጥ እንደሚጨመሩ ከሚታወቁት ኬሚካሎች መካከል ይህን ቀመር የያዘ አንድም አልነበረም። ዜንዩ ቲያን የተባለው ተመራማሪ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ 6ፒፒዲ የሚባለውን የጎማ መከላከያ አየ፤ ቀመሩ 18 ካርበን፣ 24 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅን ነው። ሁለት ሃይድሮጅን ይቀነስ፣ ሁለት ኦክስጅን ይጨመር፤ ልክ ይመጣል። 6ፒፒዲ ጎማው ውስጥ የሚጨመረው በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ላስቲኩን እንዳይሰነጣጥቀው ቀድሞ ራሱን ለኦዞን እንዲሰጥ ነው፤ ስለዚህ ከኦዞን ጋር ሲገናኝ ወደ ሌላ ነገር መለወጡ ሥራው ነው። ያ ‘ሌላ ነገር’ ምን እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም።

የጠራ ማስረጃ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ንጹሕ 6ፒፒዲ ገዝተው ኦዞን አስነኩት፤ የተገኘው ንጥረ ነገር ከጎማው ውሃ ከወጣው ጋር በሁሉም ነገር ገጠመ፤ ኮሆውንም ገደለ። ጥናቱ በ2020 መጨረሻ ታተመ፤ ንጥረ ነገሩም 6ፒፒዲ-ኩዊኖን ተባለ። በመጀመሪያ ግማሹን ዓሣ የሚገድለው መጠን በሊትር 0.8 ማይክሮግራም ነው ተብሎ ነበር፤ ንጹሑ ማመሳከሪያ በገበያ ላይ ሲገኝ በድጋሚ ተለክቶ በ2022 ወደ 0.095 ማይክሮግራም ወርዷል፤ መርዛማነቱ መጀመሪያ ከታሰበው ስምንት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ማንነቱን በአግባቡ የለየው ቡድን እንኳ መጠኑን ያስተካከለው ማመሳከሪያው ሲመጣ መሆኑን ለጎንደሩ ጠያቂያችን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ካሊፎርኒያ በ2023 የጎማ አምራቾች 6ፒፒዲን የሚተካ ነገር እንዲፈልጉ የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። ጎርፉን በአፈርና በበሰበሰ ቅጠል በተሞላ ገንዳ አሳልፎ ማጣራት ዓሣዎቹን እንደሚያተርፍ ደግሞ ገዳዩ ስሙ ከመታወቁ በፊት ታይቶ ነበር።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከጥንት አጥንት ዲኤንኤ ባይገኝም በማስ ስፔክትሮሜትር ፕሮቲን ሊነበብ እንደሚችል ሰምቻለሁ። ታዲያ ሉሲን በዚህ መንገድ መመርመር አይቻልም? (ከሰመራ)

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። ቲቤት አምባ ላይ በሺያሄ አካባቢ ከሚገኝ ዋሻ በ1980 የተገኘ የመንጋጋ አጥንት፣ ዕድሜው ቢያንስ 160,000 ዓመት ሲሆን፣ አንዳች ዲኤንኤ አልቀረውም ነበር። ከጥርሱ የተገኘው ኮላጅን ግን ተነብቦ በ2019 ዴኒሶቫን የሚባሉት የጠፉ ጥንታዊ ሰዎች ወገን መሆኑ ታወቀ። ፕሮቲን ከዲኤንኤ ይልቅ ዕድሜ ይሰጠዋል።

አነባበቡ እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ በቁርጥራጭ ይመዘናል፤ ከዚያ ቁራጩ ራሱ እየተሰባበረ፣ በየስብርባሪው መካከል ያለው የክብደት ልዩነት የአሚኖ አሲዶቹን ተራ ይናገራል። ላይሲንና ግሉታሚን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ሁለቱም 128 ናቸው፤ የሚለያዩት በ0.0364 ብቻ ነው፤ እዚህ ላይ የመሣሪያው አቅም ይፈተናል። ሊዩሲንና አይሶሊዩሲን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ግን ቀመራቸው አንድ ስለሆነ የትኛውም ያህል አኃዝ ቢጨመር በክብደት አይለዩም፤ በጥንታዊ ፕሮቲን ንባብ ላይ ይህች ክፍተት ሁሌም አለች።

የሚያስደስተው ደግሞ የእርጅና ማስረጃው ነው። ፕሮቲን ሲያረጅ ግሉታሚንና አስፓራጂን የተባሉት አሚኖ አሲዶች ተለውጠው ክብደታቸው በ0.9840 ይጨምራል፤ አጥንቱን በነካው ሰው እጅ ላይ የነበረ ትኩስ ፕሮቲን ይህ ለውጥ እምብዛም አይታይበትም። ችግሩ በማንኛውም ሞለኪውል ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ካርበን-13 ደግሞ ክብደቱን በ1.0034 ከፍ ማድረጉ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው 0.0194 ነው። ይህችን ያልለየ መሣሪያ የተፈጥሮ አይሶቶፕን የሺህ ዘመናት ምስክር አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ወደ ሉሲ ስንመጣ፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ፕሮቲንን ከሁሉም በላይ ያፈርሰዋል፤ የአፋርን ሙቀት ለእርስዎ መንገር አያሻንም። ተስፋ የሚሰጡ ሁለት ነገሮች አሉ። ታንዛኒያ፣ ላቶሊ ላይ ከተገኘ የ3.8 ሚሊዮን ዓመት የሰጎን እንቁላል ቅርፊት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ተነብቧል፤ ቁራጩ የተረፈው ከቅርፊቱ ማዕድን ጋር ተጣብቆ ስለነበር ነው። በ2025 ደግሞ ደቡብ አፍሪካ፣ ስዋርትክራንስ ከተገኙ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ካስቆጠሩ ፓራንትሮፐስ የሚባል የጠፋ የሰው ዘመድ ጥርሶች የኢናሜል (የጥርስ ውጫዊ ሽፋን) ፕሮቲን ወጥቶ፣ የወንዶቹ ጥርስ የትኞቹ እንደሆኑ ተለይቷል። ስለዚህ ጥርስ ላይ በሩ ተከፍቷል። ይሁንና ናሙናው ጥቂት ሚሊግራምም ቢሆን ተቆርሶ የሚጠፋ ነው። እንደ እኔ አስተያየት በመጀመሪያ ሊሞከርበት የሚገባው ከዚያው አካባቢና ዘመን የተገኘ የእንስሳ ጥርስ ነው፤ በአሳማ ወይም በአጋዘን ጥርስ ላይ ምንም ካልተገኘ የሉሲን ጥርስ መቁረስ ለምን ያስፈልጋል?

ጥያቄ፦ የምግብ ምርመራ ላቦራቶሪ እመራለሁ። በበርበሬና በወተት ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለውን የሻጋታ መርዝ ለመለካት ከፍተኛ የመለየት አቅም ያለው መሣሪያ እንድንገዛ ሐሳብ ቀርቧል። ይመክሩናል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለዚህ ሥራ ብቻ ከሆነ አንመክርም። የሚፈልጉትን አስቀድመው ያውቁታል፤ ማመሳከሪያውም ይሸጣል። ባለሦስት ኳድሩፖል የሚባለው፣ ሙሉ ቁጥር የሚያነበው መሣሪያ የአውሮፓ ኅብረት ለወተት የደነገገውን በኪሎ 0.05 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ኤም1፣ ለበርበሬ መሰል ቅመሞች የደነገገውን በኪሎ 5 ማይክሮግራም አፍላቶክሲን ቢ1 በበቂ ሁኔታ ይለካል። ውዱ መሣሪያ የሚያስፈልገው የሚፈልጉትን በማያውቁበት ጊዜ ነው፤ ወይም ዛሬ የተመዘገበውን መረጃ ከዓመታት በኋላ አዲስ ጥያቄ ይዘው ተመልሰው ሊያነቡት ሲፈልጉ።

ከገዙ ግን በጀቱ ላይ የመብራቱን ነገር ይጨምሩበት። ኦርቢትራፕ የሚሠራው አየር ከሞላ ጎደል በሌለበት ባዶ ውስጥ ነው፤ መብራት ሄዶ አየር ከገባበት መልሶ ባዶ ለማድረግ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ናይትሮጅን ጋዝም ያለማቋረጥ ይፈልጋል። ባትሪና ጄኔሬተር ያልተካተተበት የግዢ ሰነድ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ በአካባቢያችን ጓያ ይበላል፤ እግር የሚያሽመደምድ መርዝ እንዳለበትም ሁሉም ያውቃል። ከተለያዩ ገበሬዎች የሰበሰብነውን ጓያ እንዲህ ባለ ትክክለኛ መሣሪያ ብናስመዝን የትኛው ዘር መርዙ ያነሰ እንደሆነ በእርግጠኝነት ይታወቃል? (ከደሴ)

መልስ፦ ይታወቃል፤ አንድ ነገር ከተጠነቀቁ። በጠያቂያችን አካባቢ፣ በደላንታ ዳውንት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ጓያ ብዙ ሰው ያሽመደመደ መሆኑ በሕክምና መጽሔቶች ሳይቀር የተመዘገበ ስለሆነ ጥያቄው የጨዋታ አይደለም።

መርዙ ቤታ-ኦዳፕ ይባላል፤ በ1960ዎቹ ሕንድ ውስጥ ተለይቶ የታወቀ፣ 5 ካርበን፣ 8 ሃይድሮጅን፣ 2 ናይትሮጅንና 5 ኦክስጅን ያለው አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቶን ሲጨመርለት 177.0506 ላይ ይታያል። ነገር ግን አልፋ-ኦዳፕ የሚባል መንትያ አለው፤ ቀመሩም ክብደቱም አንድ ነው፤ አቶሞቹ የተያያዙበት ቦታ ብቻ ይለያያል፤ ነርቭ የመጉዳት አቅሙም ከቤታው ጋር የሚወዳደር አይደለም። የዓለም ምርጡ መሣሪያ 177.0506 ብሎ ሲያነብ ሁለቱን ደምሮ ነው የሚያነበው። በጥሬው ጓያ ውስጥ ቤታው ስለሚበዛ ስሕተቱ ትንሽ ነው። ሙቀት ሲነካው ግን ቤታው በከፊል ወደ አልፋ ይለወጣል፤ ስለዚህ ተቆልቶ ሽሮ የሆነ ጓያና ጥሬው ጓያ በድምር እኩል ሆነው የመርዛማነታቸው መጠን ሊለያይ ይችላል።

መፍትሔው ናሙናው ወደ መመዘኛው ከመግባቱ በፊት ሁለቱን በክሮማቶግራፊ ቱቦ ለያይቶ በተለያየ ደቂቃ እንዲወጡ ማድረግ ነው። ኦዳፕ ውሃ በጣም ስለሚወድ በተለመደው ስብ ወዳድ ቱቦ ውስጥ ሳይያዝ ያልፋል፤ ለውሃ ወዳዶች የተሠራ ቱቦ ያስፈልጋል፤ አለዚያም ኦዳፑን አስቀድሞ ከሌላ ኬሚካል ጋር አጣብቆ እንዲያዝ ማድረግ ይቻላል። ናሙናውን ሲልኩ ላቦራቶሪውን ‘አልፋና ቤታን ለየብቻ ትለካላችሁ ወይ? የሁለቱም ማመሳከሪያ አላችሁ ወይ?’ ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይም የገበሬውን ማሳና የዘሩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን፣ ጓያው ጥሬ፣ የተዘፈዘፈ ወይም የተቆላ መሆኑን ይጻፉበት። የተዘፈዘፈ ከሆነ ውሃው ተደፍቶ እንደሆነም ይመዝገብ፤ መርዙ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ከፊሉ ከተደፋው ውሃ ጋር ሄዷልና።